የሀንቲንግተን በሽታ ያለበት ቤተሰብ ልጆችና የአንጎላቸው እድገት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ይህ በሽታ ቤታቸው የገባ ሰዎች የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምረን እንመልሳለን፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀንቲንግተን ምን ዓይነት በሽታ ነው?

በዘር የሚተላለፍ የአንጎል በሽታ ነው። በአንጎል ውስጠኛ ክፍል እንቅስቃሴን፣ ሐሳብንና ስሜትን ለማስተባበር የሚረዳ ስትራያተም የሚባል ቦታ አለ። በሽታው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው እዚያ ያሉትን የነርቭ ሕዋሳት ነው። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጸናል።

አጀማመሩ ስውር ነው። ታጋሽ የነበረ ሰው በትንሽ በትልቁ ቱግ ይላል። ነገር ይረሳል፣ ከሰው ይሸሻል። ቀጥሎ እጅና እግር አላርፍ ይላሉ። ታማሚዋ ቡና ስትቀዳ ጀበናው ከሲኒው ጋር አልገጥም ይላታል። ቅዳሴ ላይ ቆማ ሳለ ጣቶቿ ነጠላው ሥር ክራር እንደሚመታ ሰው ይንቀሳቀሳሉ፤ እሷ ራሷ ላታውቀው ትችላለች። አካሄድ ሲበላሽ ደግሞ መንገደኛው «ሰክሯል» ይላል። ጠብታ ያልቀመሰ ሰው በዚህ ስም ሲጠራ ቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚቆስል የደረሰበት ያውቀዋል።

እንዴት ይተላለፋል? ትውልድስ ይዘላል?

ዘረመል ማለት ከወላጅ የምንወርሰው የሰውነት መመሪያ ነው። ሁላችንም የሀንቲንግተን ዘረመል አለን፤ አንድ ቅጂ ከእናት፣ አንድ ቅጂ ከአባት። የሚገኘውም ዘረመሎችን ከሚሸከሙት ክሮች፣ ክሮሞሶም ከሚባሉት፣ በ4ኛው ላይ ነው። በሽታው ባለበት ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ ቅጂዎች አንደኛው ተለውጧል። ልጅ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ይወስዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ወንድ ሆነ ሴት ልዩነት የለውም። የመጀመሪያው ልጅ ከወረሰ ሁለተኛው ይተርፋል የሚባል ነገርም የለም። በእያንዳንዱ እርግዝና ዕጣው እንደ አዲስ ይወጣል።

ትውልድ አይዘልም። ያልወረሰ ሰው ለልጁ የሚያስተላልፈው የለውም። ዘለለ የሚመስለው ብዙ ጊዜ በመሀል ያለው ወላጅ ምልክቱ ሳይወጣበት ስለሞተ ነው። በወባ፣ በወሊድ ወይም በጦርነት በወጣትነቱ የሄደ አያት ያለው ቤተሰብ ደግሞ በእኛ አገር ብዙ ነው።

ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው። ታዲያ ከየት መጣ?

ሰባት ቤት መቁጠር ጥቅም አለው። አንዳንድ የዘር በሽታዎች የሚወጡት ልጁ የተለወጠውን ዘረመል ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ብቻ ነው። ዘመድና ዘመድ ሲጋቡ ይህ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። የአያቶቻችን ሥርዓት ከእንዲህ ዓይነቱ በሽታ ይጠብቃል።

ሀንቲንግተን ግን አንድ ቅጂ ይበቃዋል። ሙሽራው ከደብረ ታቦር፣ ሙሽሪት ከሞጣ ብትሆንም፣ አሥር ቤት ቢቆጠርም፣ ከአንዱ ወላጅ ብቻ መምጣት ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌ የሆኑትንም ዘር የቆጠሩትንም መውቀስ ተገቢ አይደለም። የእናት ወገንና የአባት ወገን «ከእናንተ ነው» «የለም ከእናንተ ነው» ሲባባሉ ልጆቹ በር ሥር ሆነው ይሰማሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ዘረመሉን የመረጠው ሰው የለም።

ቡዳ ነው፣ ዛር ነው የሚሉ አሉ። ጸበል እንሂድ ወይስ ሐኪም ቤት?

ጸበል መሄድ ሐኪም ቤት ከመሄድ አያግድም። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል። ሦስት ነገር ግን አደራ። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት በድንገት አይቋረጥ። ታማሚው አይታሰር፤ እንቅስቃሴው ከፈቃዱ ውጭ ስለሆነ ገመዱ ከማቁሰል በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም። ሦስተኛው የምግብ ነገር ነው። ሀንቲንግተን ክብደት ይቀንሳል፤ ሰውነት ከወትሮው የበለጠ ምግብ ይፈልጋል። ስለ ጾም ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል፤ ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው መፍትሔ አላት።

መዋጥ የሚቸግረው ሰው ደግሞ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ትንሽ ትንሽ እየጎረሰ፣ በወጥ የራሰ እንጀራ ቢበላ ይሻለዋል። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ ለእሱ ግን ትንሽ ይሁን።

በሽታው በ40 ዓመት የሚመጣ ከሆነ ስለ ልጆች አንጎል ለምን ይወራል?

ዘረመሉ ከፅንስ ጀምሮ ሥራ ላይ ስለሆነ ነው። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች የሚያስቡት አንጎል እንደማንኛውም ሰው አድጎ፣ ከዚያ በጉልምስና መበላሸት እንደሚጀምር ነበር። ነገር ግን ይህ ዘረመል የሚሠራው ፕሮቲን፣ ሀንቲንግቲን የሚባለው፣ ለአንጎል እድገት የግድ አስፈላጊ ነው። ዘረመሉ ጨርሶ እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች በፅንስነታቸው ይሞታሉ። እንግዲህ አንጎልን ለመገንባት የሚያስፈልግ ፕሮቲን ከተለወጠ፣ ግንባታው ራሱ በሌላ መንገድ ይሄድ ይሆን? የሚል ጥያቄ ተነሣ።

በ2020 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የተለወጠውን ዘረመል የያዙ የ13 ሳምንት ፅንሶችን የአንጎል ሕብረ ሕዋስ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። የአንጎል ውጫዊ ክፍል ሲገነባ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳትን የሚያፈሩት እናት ሕዋሳት ፕሮቲኑ ያለ ቦታው ተቀምጦባቸው፣ አከፋፈላቸውም ተለውጦ ተገኘ። ምልክቱ ሊወጣ አሥርት ዓመታት የቀረው ነገር ከመወለድ በፊት አሻራ እንዳለው በሰው ላይ የታየው ያኔ ነው።

በልጆች ላይ የተደረገው ምርምር ምን አገኘ?

ትልቁ ጥናት በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ፔግ ኖፑሎስ መሪነት የተካሄደው ነው። ወላጃቸው ወይም አያታቸው በሽታው ያለባቸው፣ ከ6 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ጤነኛ ልጆች አንጎላቸው በኤምአርአይ ተነሣ። ከእነዚህ ልጆች ገሚሱ ወርሷል፣ ገሚሱ አልወረሰም። የዘረመል ውጤቱ ለምርምር ብቻ ዋለ፤ ለልጆቹም ለወላጆቹም አልተነገረም። ጥናቱን የማከብረው በዚህ ጭምር ነው።

በ2019 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። የወረሱት ልጆች ስትራያተም በልጅነታቸው ካልወረሱት ይልቅ ትልቅ ነበር። ከዚያ ግን ዕድሜ ሲጨምር ከሌሎቹ በፈጠነ ሁኔታ መጠኑ ይቀንሳል። በጤነኛ ልጅም ቢሆን ስትራያተም በጉርምስና ዓመታት እየተስተካከለ መጠኑ ይለወጣል፤ እዚህ ግን መነሻውም ፍጥነቱም ሌላ ነው። ያው ቡድን ስትራያተምን ከትንሹ አንጎል (ከአንጎል በስተኋላ በታች ያለ፣ እንቅስቃሴን የሚያስተካክል ክፍል) ጋር የሚያገናኘው መስመርም በወረሱት ልጆች ላይ በለጋ ዕድሜ ከወትሮው በርትቶ እንደሚገኝ ተመልክቷል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ትንሹ አንጎል ለተወሰነ ዘመን የሌላውን ጉድለት እየሸፈነ ሊሆን ይችላል። ሰውየው እስከ 40 ዓመቱ ድረስ አርሶ፣ ነግዶ፣ ልጅ አሳድጎ የሚኖረው ለዚህ ይሆናል።

ታዲያ ልጄ አሁን ታማለች ማለት ነው?

አይደለም። የወረሰ ልጅ ጤነኛ ልጅ ነው። በኤምአርአይ የታየው ልዩነት በብዙ ልጆች አማካይ የሚታይ ነው፤ የአንድን ልጅ ፎቶ አይቶ «ወርሷል» ማለት አይቻልም። በ2020 የለንደን ተመራማሪዎች ምልክት ሊወጣባቸው በአማካይ 24 ዓመት ገደማ የቀራቸውን ወጣቶች ፈትነው ነበር። በማሰብ ችሎታና በአእምሮ ጤና ካልወረሱት የሚያንሱበት ነገር አልተገኘም። በአንዳንዶቹ ላይ ትንሽ ለውጥ የታየው በአንጎል ፎቶና በአከርካሪ ፈሳሽ ምርመራ ነው።

ስለዚህ ልጅቷ ብርጭቆ በሰበረች ቁጥር አትደንግጡ። ብርጭቆ የማይሰብር ልጅ የለም። ሒሳብ ከከበዳት ሒሳብ ከብዷት ነው፤ አስጠኚ ፈልጉላት። የአባቷን በሽታ በእሷ ላይ እየፈለጉ የሚያይዋት ዓይኖች ከዘረመሉ በፊት ይጎዷታል። አባቱ የታመመበት ልጅ ትምህርቱ ሲወርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቤት ውስጥ ነው፦ ሌሊት አይተኛም፣ ከትምህርት መልስ አስታማሚ እሱ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ይሾፉበታል። መምህሩ ይህን ቢያውቅ ብዙ ነገር ይቀላል።

በልጅነት የሚወጣ ሀንቲንግተን የለም?

አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ከ20 ዓመት በታች ሲጀምር የወጣቶች ሀንቲንግተን ይባላል፤ ከታማሚዎች ሁሉ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። በዘረመሉ ውስጥ ሲኤጂ ተብለው የሚጻፉ ሦስት የዘረመል ፊደላት እየተደጋገሙ ይመጣሉ። እስከ 26 ድረስ ቢደጋገሙ ችግር የለም። 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው ዕድሜ ከሰጠው በሽታው ይወጣል። በልጅነት ሲጀምር ግን ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ60 ይበልጣል። ቁጥሩ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲያልፍ ሊያድግ ይችላል፤ በጣም የሚያድገው በአብዛኛው ከአባት ሲመጣ ነው።

ልጆች ላይ መልኩ ይለያል። ከመወራጨት ይልቅ የሰውነት መገተርና መንቀርፈፍ ይበዛል። ቀድሞ የሚችለውን ትምህርት እያጣ መሄድ፣ የጸባይ ለውጥ፣ በትንንሾቹ ደግሞ የሚጥል በሽታ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ልጃችሁ በድንገት እጅና እግሩ ከፈቃዱ ውጭ መወራጨት ከጀመረ፣ በአገራችን መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ሀንቲንግተን አይደለም። ከጉሮሮ ሕመም፣ ቶንሲል ከምንለው፣ በኋላ የሚመጣ የሩማቲክ ትኩሳት ይህንኑ ዓይነት እንቅስቃሴ ያመጣል። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ይታያል። እንቅስቃሴው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይተዋቸዋል፤ ልብን ግን ሊጎዳ ይችላል። የፔኒሲሊን ክትትል ያስፈልገዋል። «የአባቱ በሽታ ነው» ተብሎ ልቡ ሳይታይ የቀረ ልጅ ሊድን የሚችልበት ጊዜ ያመልጠዋል። ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ጤነኛ ልጄን የዘረመል ምርመራ ላስደርግ?

ምልክት የሌለው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አይመረመርም። በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎችና የታማሚ ቤተሰቦች የተስማሙበት መመሪያ ነው። ምርመራው የደም ናሙና ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ውጤቱ ግን ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ዛሬ ለልጁ የሚሰጠው መከላከያ የለም። ማወቅ ወይም አለማወቅ የእሱ መብት ነው፤ ወላጅ ቀድሞ ከወሰነለት ያን መብት መመለስ አይቻልም። እውነተኛ የበሽታ ምልክት ሲኖርና የነርቭ ሐኪሙ ሲያዝ ነገሩ ሌላ ነው።

የወላጅን ጭንቀት እረዳለሁ። «ካወቅሁ አርፋለሁ» ይባላል። አዋቂዎቹም ቢሆን ምርጫው እጃቸው ላይ እያለ አብዛኞቹ ሳይመረመሩ መኖርን ይመርጣሉ።

ለልጆቹ መቼና እንዴት እንንገራቸው?

ከምታስቡት ቀደም ብላችሁ። የስድስት ዓመት ልጅ አባቱ እንደተለወጠ ያያል፤ ካልተነገረው የራሱን ምክንያት ይፈጥራል፣ ብዙ ጊዜም «እኔ አስቆጥቼው ነው» ይላል። ለእሱ «አባባ አንጎሉን የሚያመው በሽታ አለበት፤ ሲቆጣ በሽታው ነው፤ አንተ አላጠፋህም» ማለት ይበቃዋል። አሥራዎቹ ውስጥ ሲገባ በዘር እንደሚመጣ፣ ሊወርስም ላይወርስም እንደሚችል ይነገረው። ከጎረቤት ወይም ከስልኩ ከመስማቱ በፊት ከእናንተ ይስማ።

ሁሉን በአንድ ምሽት አትጨርሱት። እራት ላይም፣ በጣና ዳር ስትሄዱም፣ ሲጠይቅ መልሱለት። አልቅሶ ቢወጣ ተከተሉት።

22 ዓመቴ ነው። ልመርመር? ለእጮኛዬስ ልንገራት?

መመርመር ትችላለህ፣ ባትመረመርም ማንም አያስገድድህም። ከወሰንክ በጥድፊያ አታድርገው። ከደም ናሙናው በፊት የሚያማክር ሐኪም ይኑር፤ ውጤት ስትቀበልም ብቻህን አትሂድ። ከላይ ያልነው የሲኤጂ ቁጥር በሽታው የሚመጣበትን ቀን እንደማይቆርጥልህም እወቅ። ከፍ ሲል በሽታው ቀደም ብሎ የመምጣት ዝንባሌ አለው፣ ግን ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ሰዎች ምልክታቸው በብዙ ዓመታት ልዩነት ሊጀምር ይችላል። ከ36 እስከ 39 ያለው ጭራሽ ላይታመምም ይችላል።

ለእጮኛህ ከሰርጉ በፊት ንገራት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ልጅ ከተወለደ በኋላ ከአማቶቿ አንዷ ስትነግራት ግን በሽታውንም ውሸቱንም አብራ ትሸከማለች። ልትሄድ ትችላለች፤ እውነት ነው። የሚቆዩም አሉ።

ሌላም ነገር አለ። በሽታው ባለበት ቤት ያሉ ወጣቶች ላይ ድብርት ይበዛል፤ ከጭንቀቱም፣ ከሐዘኑም። መኖር ያስጠላህ ከሆነ ለምታምነው ሰው ዛሬውኑ ንገርና ሐኪም ቤት ሂድ። ድብርት ይታከማል፤ ሀንቲንግተን ያለበት ሰው ድብርት እንኳ ይታከማል።

መድኃኒት አለው?

በሽታውን የሚያቆም የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ምልክቱን የሚያቀል ግን አለ። ቴትራቤናዚን እንቅስቃሴውን ይቀንሳል፤ እሱ በማይገኝበት ሐኪሞች ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶን ወይም ኦላንዛፒን ያዛሉ። ለድብርትም ለቁጣም መድኃኒት አለ። ፊዚዮቴራፒና በቂ ምግብ ከመድኃኒት እኩል ይረዳሉ።

ምርምሩ ቆሞ አያውቅም። በሽታውን የሚያመጣው ዘረመል በ1993 የተገኘው በቬንዙዌላ ማራካይቦ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ የዓሣ አጥማጅ ቤተሰቦች ደማቸውንና የዘር ሐረጋቸውን ስለሰጡ ነው። ሥራውን የመራችው ናንሲ ዌክስለር እናቷን በዚሁ በሽታ ያጣች ሳይንቲስት ናት። ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህ ታሪክ ቅርብ ነው። በሐይቅ ዳር መንደር የሚኖሩ፣ ጎረቤት የሚሸሻቸው ሰዎች ለዓለም ሁሉ በር ከፈቱ። በመስከረም 2025 ደግሞ አንድ ኩባንያ በቀዶ ሕክምና በቀጥታ ወደ አንጎል የሚገባ የዘረመል ሕክምና የበሽታውን ግስጋሴ በሦስት ዓመት ውስጥ በ75 በመቶ እንዳዘገየ አስታወቀ። የተሰጣቸው ታማሚዎች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ገና ይረጋገጣል። በየፌስቡኩ «ፈውስ ተገኘ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትመኑ።

ባሕር ዳር ላይ ከየት እንጀምር?

ከቅርብ ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉና ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂዱ። ስትሄዱ የቤተሰቡን ሐረግ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፦ ማን እንደታመመ፣ በስንት ዓመቱ እንደጀመረው፣ በምን እንደሞተ። ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አክስት ወይም አያት ካሉ አብራችኋቸው ተቀመጡና ጻፉ። ለሐኪሙ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። እንቅስቃሴውን በስልክ ቀርጻችሁ ብትወስዱም ይጠቅማል፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ይሰወራል አንዳንዴ።

ጉዳቱ ከእድገት የሚጀምር ከሆነ ሕክምናውም በልጅነት መጀመር የለበትም?

ሳይንቲስቶቹም የሚከራከሩበት ጥያቄ ነው። በ2022 የታተመ የአይጥ ጥናት ተስፋ ይሰጣል። የተለወጠውን ዘረመል የያዙ አይጦች በተወለዱ በመጀመሪያው ሳምንት በነርቮቻቸው መካከል ያለው መልእክት የደከመ ነበር። በዚያች ሳምንት ብቻ መድኃኒት ተሰጥቷቸው መልእክቱ ሲስተካከል፣ ካደጉ በኋላ የበሽታው ምልክት ዘገየላቸው።

ከአይጥ ወደ ልጅ ግን ሩቅ ነው። ጤነኛ ልጅ እያደገ ያለ አንጎሉ ላይ መድኃኒት መስጠት ከባድ ውሳኔ ነው። ከላይ እንዳልነው ያ ፕሮቲን ለአንጎል እድገት ያስፈልጋል፤ ያለ ጊዜው መቀነሱ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ደግሞም ማን እንደወረሰ ለማወቅ ልጆችን መመርመር ይጠይቃል። ሕክምና በተገኘ ቀን ልጅን ያለመመርመሩ መመሪያ እንደገና መታየቱ አይቀርም። እስከዚያው ግን ባለበት መጽናቱ ትክክል ነው እላለሁ።

አያቴ በበሽታው ሞታለች። አባቴ መመርመር አይፈልግም። እኔስ ብመረመር?

የአባትህ ዕድል 50 በመቶ ነው፤ ያንተ ደግሞ 25 በመቶ። አንተ ነጻ ብትሆን አባትህም ነጻ ነው ማለት አይደለም። ወርሰህ ከተገኘህ ግን በእናትህ ወገን በሽታው ከሌለ የመጣው በእሱ በኩል ነው። ሳይጠይቅ የእሱን ውጤት አወቅህ ማለት ነው። ደብቀህ ብትይዘው ፊትህ ያወጣዋል።

አዋቂ ስለሆንክ መብቱ አለህ፤ አባትህ ሊከለክልህ አይችልም። አማካሪዎች የሚመክሩት ግን ከደም ናሙናው በፊት ከእሱ ጋር እንድትነጋገር ነው። «ተመርመር» ብለህ ሳይሆን፣ «እኔ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ውጤቴን መስማት ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?» ብለህ። አልፈልግም ካለ ለማን እንደምትነግርና ለማን እንደማትነግር አስቀድመህ ወስን፤ ለእህት ወንድሞችህም ጭምር፣ ምክንያቱም አባትህ መውረሱ ከታወቀ የእነሱም ዕድል ከ25 ወደ 50 በመቶ ይለወጣል።